መቶ ቀሚስና አንድ ጥንድ ጫማ፦ ድህነቷን የምትሸሽግ ተማሪ በድርሰትና በፊልም

አማርኛችን «ገበና» የሚል አንድ ጥልቅ ቃል አለው። ገበና ከደጅ የማይወጣ፣ ለባዳ ዓይን የማይሰጥ የቤት ጉዳይ ነው። ገበናውን የሸፈነ ይመሰገናል፤ ገበናው የወጣበት እንደ ተዋረደ ይቆጠራል። ኩራቱ እራቱ የሆነ ድኻ ባዶ ማሰሮውን ከድኖ በጎረቤቱ ፊት የጠገበ መስሎ መታየቱ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጨዋነት ሲነገርለት ኖሯል። ይህንኑ የአዋቂ ጥበብ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብትሠራበት ግን የነገሩ ስም ወዲያው ይለወጣል። «ውሸታም» ትባላለች፤ «ጉረኛ» ትባላለች። ለአባት ጨዋነት የሆነው ለልጅቱ ጥፋት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄው ለአስተማሪውም፣ ሕዝብን ለሚያደራጀውም፣ ለከያኒውም የቀረበ ነው። አስተማሪው ልጅቱን በየቀኑ በፊቱ ያገኛታል። አደራጁ ለድኻ ልጆች የሚሰጠው ርዳታ በምን መልክ ይሰጥ የሚለውን ይወስናል። ከያኒው ደግሞ ልጅቱን ወደ መድረክ ወይም ወደ ገጽ ሲያመጣት ገበናዋን ሊጠብቅላትም፣ ለጭብጨባ ሲል ሊያወጣባትም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ከአራት አገሮች የተገኙ አራት ሥራዎችን እንመለከታለን፤ ሦስቱ መጻሕፍት፣ አንዱ ፊልም ናቸው። ዘመናቸውም ባህላቸውም ይለያያል። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ መለኪያ እንመዝናቸዋለን፤ ይኸውም «ደራሲው የልጅቱን መሸሸግ ምን አደረገው? ገሠጸው? አለቀሰለት? ወይስ ምንጩን ፈልጎ አገኘው?» የሚል ነው።

የቀሚሱ ውሸት

አሜሪካዊቷ ኤሌኖር ኤስቲስ «መቶዎቹ ቀሚሶች» የተባለውን አጭር የልጆች መጽሐፏን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ሥዕሎቹን የሠራው ሉዊስ ስሎቦድኪን ነበር። ዋንዳ ፔትሮንስኪ ከፖላንድ ከመጣ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ እናቷ የሞተችባት፣ ከከተማው ዳርቻ ከኮረብታ ላይ የምትኖር ልጅ ናት። በክፍሏ የምትቀመጠው በመጨረሻው ረድፍ፣ ጫማቸው ጭቃ የሚያንጠባጥብ ረባሽ ወንዶች በሚበዙበት ጥግ ነው። በየቀኑ የምትለብሰው አንድ የወየበ ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ ከሰውነቷ ጋር ባይስማማም ንጹሕ ነው። አንድ ቀን ሴቶቹ ልጆች አንዷ በለበሰችው አዲስ ቀሚስ ዙሪያ ተሰብስበው ሲያደንቁ ዋንዳ ጠጋ ብላ፣ እርሷም በቤቷ መቶ ቀሚሶች እንዳሏት ትናገራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ተወዳጅ ልጅ ፔጊ ዋንዳን በመንገድ ላይ እየጠበቀች፣ በትሕትና በተሸፈነ አነጋገር፣ ስንት ቀሚስ እንዳላት መጠየቅን የየዕለት ጨዋታዋ ታደርገዋለች። ዋንዳም ሳትሸሽ፣ ሳታለቅስ፣ ቁጥሩን ሳታዛባ ትመልሳለች። ስለ ጫማዋ ሲጠይቋትም ስድሳ ጥንድ አለኝ ትላለች።

ጥሩ ሂስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዋንዳ የተናገረችው እንዲታመንላት ብላ አይደለም። አንድ ቀሚስ ብቻ ለብሳ በየቀኑ የምትታይ ልጅ መቶ ቀሚስ አለኝ ብትል ማንም እንደማያምናት ታውቃለች። ውሸቱ መሸፈኛ ቢሆን ኖሮ «ሁለት አለኝ» ትል ነበር፤ ሁለት ሊታመን ይችላልና። መቶ ማለቷ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ የቆሙበት ክበብ መግቢያው ቀሚስ ስለሆነ፣ እርሷም የመግቢያውን ዋጋ በቀሚስ ቋንቋ ትከፍላለች። ንግግሩ የምትለምንበት ሳይሆን የምትገባበት በር ነው። ደራሲዋ ይህን ተረድታ ዋንዳን በአንድ ቃል እንኳ አትወቅሳትም፤ ለምን እንዳለችውም በዋንዳ አፍ አታስተነትንም። ዋንዳ በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

በትምህርት ቤቱ የሥዕል ውድድር ይደረጋል። ሴቶቹ የቀሚስ፣ ወንዶቹ የሞተር ጀልባ ንድፍ ያቀርባሉ። ውጤቱ በተነገረበት ዕለት የክፍሉ ግድግዳ በመቶ የቀሚስ ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ ሁሉም የዋንዳ ናቸው፤ አሸናፊዋም እርሷ ናት። እርሷ ግን በክፍሉ የለችም። ከአባቷ የመጣው ደብዳቤ ቤተ ሰቡ ወደ ትልቅ ከተማ መሄዱን፣ በዚያ ስማቸው እንደማይዘበትበት ያስታውቃል። እንግዲህ ቀሚሶቹ እንደ ተባለው መቶ ነበሩ፤ ከቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ከወረቀት ላይ ነበሩ እንጂ። የልጅቱ ውሸት የፈጠራ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ሚዛን ያለው ነው። ዋንዳ ሥዕል ባትችል ኖሮስ? ድኻዋ ልጅ ክብሯን ለመመለስ የግድ ባለ ተሰጥኦ መሆን አለባትን? ውድድሩን ባታሸንፍ ኖሮ ፔጊ ታፍር ነበርን? በእርግጥም ከዋንዳና ከፔጊ መካከል ብቻ የሚካሄድ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይህ ድካም መጽሐፉን ይጥለው ነበር። መጽሐፉን የሚያቆመው ግን ሦስተኛዋ ልጅ ናት።

እውነተኛዋ ሸሻጊ

ማዲ የፔጊ የቅርብ ጓደኛ ናት። እርሷም ድኻ ናት። የምትለብሰው ሌሎች የለበሱትን ነው። ከልብሶቿ አንዱ የራሷ የፔጊ አሮጌ ቀሚስ ሲሆን፣ እናቷ እንዳይታወቅ ብላ ጌጥ ጨምራበታለች። ፔጊ በዋንዳ ላይ በምትቀልድበት ጊዜ ሁሉ ማዲ ከአጠገቧ ቆማ ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ ጨዋታው እንዲቀር የሚጠይቅ ማስታወሻ ለፔጊ መጻፍ ትጀምራለች፤ ወዲያው ግን ራሷን በዋንዳ ቦታ ቆማ፣ ያ ቀሚስ የማን እንደ ነበረ ስትጠየቅ ይታያታል። ወረቀቱን ትቀደዋለች።

ይህ የወረቀት መቀደድ ከመቶዎቹ ሥዕሎች ሁሉ የሚበልጥ ክስተት ነው። መጽሐፉ በርዕሱ የዋንዳ ቢመስልም ድህነቷን በእውነት የምትሸሽገው ማዲ ናት። ዋንዳ መሸሸግ አትችልም፤ ቀሚሷ፣ ጭቃዋ፣ ስሟ ሁሉ ይናገርባታል። ማዲ ግን መሸሸግ ችላለች፤ የችሎታዋም ዋጋ ዝምታ ነው። በባለጠጋይቱ ልጅ አጠገብ ያላትን ቦታ ለመጠበቅ በድኻይቱ ልጅ ላይ የሚደረገውን ግፍ ማየት፣ አይታም አለመናገር ግዴታዋ ሆኗል። ድህነትን መሸሸግ ልጅቱን ብቻዋን የሚጎዳ የግል ቁስል ነው የሚል አስተያየት ያለው ሰው ይህን ቢያስተውል ይጠቅመዋል። የሸሸገ ሰው በተሸሸገበት ሥፍራ ጌታ ላለው ሥርዓት ታዛዥ ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ችግር ያላቸው ሁለት ልጆችም እንደ ባዕድ ይተላለፋሉ። ድኾች የማይተባበሩት አንዱ የሌላውን ድህነት ስለማያውቅ ሳይሆን፣ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ መታየትን ስለሚፈራ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማዲ የዋንዳን ሥዕሎች ካየች በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት መረበሽ መጀመሯን ልብ እንበል። በዚህም ቀደም ሲል ያነሣነው ተቃውሞ ግማሽ መልስ ያገኛል። የማዲ ጸጸት በዋንዳ ተሰጥኦ ላይ አልተመሠረተም። ሁለቱ ልጆች ወደ ኮረብታው ወጥተው ባዶ ቤት ያገኛሉ፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በገና ሰሞን ከዋንዳ ምላሽ ይመጣል፤ ከሥዕሎቹም ሁለቱ ለፔጊና ለማዲ ተሰጥተዋል። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ፊቶች የራሳቸው የሁለቱ ልጆች መሆናቸውን ማዲ ታስተውላለች። ፔጊ በዚህ ትጽናናለች፤ ማዲ አትጽናናም። ዳግመኛ ዝም ብላ ላትቆም ለራሷ ቃል ትገባለች፤ ለዋንዳ ግን የምታደርግላት ነገር የለም፤ ዋንዳ ሄዳለች። ኤስቲስ ለልጅ አንባቢ ስትል ይህን መራራ ነገር አላለዘበችም። ከመልካም የልጆች መጻሕፍት ተርታ ያኖራትም ይህ ነው።

የሰው መጋረጃ ለብሶ መማር

በኒውዚላንድ የተወለደችው ካተሪን ማንስፊልድ «የአሻንጉሊት ቤት» የተባለ አጭር ልብ ወለዷን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ማለትም ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሸሸግ ከቶ የለም፤ ስለዚህም ለጉዳያችን ይጠቅማል። በአካባቢው ሌላ ትምህርት ቤት ስለሌለ የዳኛውም፣ የሐኪሙም፣ የባለ ሱቁም ልጆች በአንድ ይማራሉ። በመካከላቸው ሁለት የኬልቪ ቤት እኅትማማቾች አሉ፤ ሊልና ኤልስ። እናታቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ናት፤ አባታቸው እስር ቤት ነው ይባላል። ሊል የምትለብሰው ቀሚስ ከአንድ የጌቶች ቤት የጠረጴዛ ልብስ፣ እጅጌው ደግሞ ከሌላ ቤት መጋረጃ የተሠራ ነው። የጠረጴዛውም የመጋረጃውም ባለቤቶች ልጆች በዚያው ክፍል ይማራሉ።

እዚህ ላይ ማንስፊልድ በሁለት ዐረፍተ ነገር አንድ ትልቅ የኅብረተሰብ ሕግ አስቀምጣለች። የኬልቪን ልጆች ገበና ያወጣባቸው ድህነታቸው ብቻ አይደለም፤ የተደረገላቸው ቸርነት ነው። መጋረጃውን የሰጠችው እመቤት ለእናትየው ስትሰጥ በጎ አደረግሁ ብላ ይሆናል። ነገር ግን የሰጠችው ነገር የሰጪውን ስም እንደ ማኅተም ተሸክሞ ትምህርት ቤት ገብቷል። የማዲ እናት በፔጊ ቀሚስ ላይ ጌጥ የጨመረችው ይህን ማኅተም ለመፋቅ ነበር። ሁለቱን ድርሰቶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የአንዲት ድኻ እናት መርፌና ክር ምን ያህል ክብር እንደሚያድን ይረዳል።

ለአስተማሪዎች የሚሆን ሌላም ነጥብ አለ። ሊል ኬልቪ ተራ የሜዳ አበባ ለቅማ ወደ አስተማሪዋ ጠረጴዛ በቀረበች ጊዜ፣ አስተማሪዋ ለእርሷ የሚሆን ልዩ ድምፅ፣ ለሌሎቹ ልጆች ደግሞ ልዩ ፈገግታ ነበራት። አልሰደበቻትም፤ አልመታቻትም፤ አበባውንም አልጣለችም። ፈገግታዋን ለሌሎቹ ላከች እንጂ። ልጆቹ ማንን መናቅ እንደሚፈቀድላቸው የተማሩት ከዚያ ፈገግታ ነው። አንድ የክፍል ተማሪ ሌላውን የሚያፌዝበትን ሥርዓት ከየት አመጣው ብለን ብንመረምር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ይገኛል።

የታሪኩ ፍጻሜ ይታወቃል። የበርኔል ቤት ትንሽ ልጅ ኬዚያ የተከለከለውን ተላልፋ የኬልቪን ልጆች የአሻንጉሊቱን ቤት ታሳያቸዋለች፤ አክስቷ ግን እንደ ዶሮ ታባርራቸዋለች። ልጆቹ በመንገድ ዳር ተቀምጠው ሳለ ታናሽቱ ኤልስ በአሻንጉሊቱ ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፋኖስ ማየቷን ለእኅቷ ትነግራታለች፤ ፈገግም ትላለች። ማንስፊልድ ድኾቹን ልጆች አላዳነችም፤ ባለጠጎቹንም ንስሐ አላስገባችም። አንዲት ልጅ ያየችውን ነገር ማንም ሊቀማት እንደማይችል ብቻ አሳየች። ለቅሶም ስብከትም የሌለበት ይህ ቁጥብነት ለማንኛውም ጸሐፊ ትምህርት ነው።

ከመሬት የማይነሣ ካሜራ

ኢራናዊው የፊልም አዘጋጅ ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «የሰማይ ልጆች» የተባለው ፊልም ለኦስካር ሽልማት በመታጨት ከኢራን ፊልሞች የመጀመሪያው ነው። በቴህራን የሚኖር አሊ የሚባል ልጅ የእኅቱን የዛህራን ጫማ ከጫማ ሰፊ ተቀብሎ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ ጫማ ለመግዛት ገንዘብ እንደሌለው ስለሚያውቁ ነገሩን ሊነግሩት አይፈልጉም። ወላጆቻቸው ባሉበት ክፍል የቤት ሥራ የሚሠሩ መስለው በደብተር ላይ እየተጻጻፉ ይመካከራሉ። መፍትሔ ያገኛሉ። ዛህራ በጠዋቱ ፈረቃ የአሊን የሸራ ጫማ አድርጋ ትማራለች፤ ትምህርቷን ስትጨርስ ሮጣ ትመለሳለች፤ አሊም በመንገድ ጠብቆ ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ወደ ከሰዓት በኋላው ፈረቃ ይሮጣል።

ማጂዲ ይህን ታሪክ የነገረው በእግሮች ነው። ካሜራው ደጋግሞ ወደ መሬት ይወርዳል። ዛህራ በትምህርት ቤቷ ሰልፍ መካከል የሌሎቹን ልጆች ጫማ ስትመለከት፣ የራሷንም ሰፊ የወንድ ጫማ ለመሸሸግ ስትጣጣር የምናየው በዓይኗ ከፍታ ሳይሆን በእግሯ ከፍታ ነው። ድህነትን የሚሸሽግ ልጅ ዓለምን እንዲህ ያያታል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ያን አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። አንድ ቀን ጫማው ሰፍቷት ከእግሯ ወልቆ በመንገድ ዳር ካለው ቦይ ይወድቃል፤ ውሃው ይዞት ይሮጣል፤ እርሷም እያለቀሰች ትከተለዋለች። በፊልሙ ውስጥ ሽጉጥ የለም፣ አሳዳጅ የለም፤ ተመልካቹ ግን ለአንድ አሮጌ ጫማ ትንፋሹን ይይዛል። የሴራ ኃይል የሚመነጨው ከነገሩ ትልቅነት ሳይሆን ነገሩ ለገጸ ባሕርዩ ካለው ዋጋ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ዛህራ የጠፋውን ጫማዋን በሌላ ተማሪ፣ በሮያ እግር ላይ ታያለች። ተከትላ ቤቷን ታውቃለች፤ ወንድሟንም ይዛ ትመለሳለች። ነገር ግን የሮያ አባት ዓይነ ስውር መሆኑን፣ እየዞረ ሸቀጥ እንደሚሸጥ ያያሉ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ። ይህን ትዕይንት ከማዲ ዝምታ ጋር እናነጻጽረው። ማዲ ዝም ያለችው ከራሷ የሚወሰድባት ስለ ነበር ነው፤ የዛህራና የአሊ ዝምታ ደግሞ የራሳቸው የሆነውን የሚተውበት ነው። አንዱ ዝምታ ድኻን ከድኻ ይለያል፤ ሌላው ያገናኛል። ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ተፈጥሮ ነው ብንል እንሳሳታለን። አሊና ዛህራ ምስጢራቸውን የያዙት ሁለት ሆነው ነው፤ ማዲ ግን ብቻዋን ነበረች። ተካፋይ ያለው ምስጢር አያዋርድም።

በዚህ ፊልም ላይም ሂስ ሊቀርብ ይገባል። ማጂዲ ድህነትን አጣፍጦታል የሚሉ አሉ። የወርቅ ዓሦቹ፣ የግቢው ገንዳ፣ የልጆቹ ብሩህ ፊት ተመልካቹን ከማስቆጣት ይልቅ ያባባዋል። የአባትየውም ጨዋነት ፍጹም ነው፤ ለመስጊድ የሚሆን ስኳር ተሰጥቶት እየፈለጠ ሳለ ለራሱ ሻይ ከዚያ አንዲት እንክብል እንኳ አይወስድም። የድኻ ሰው ሐቀኝነት እንዲህ ሲጎላ ድህነቱ ራሱ እንደ በረከት ሊመስል ይችላል። ክሱ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም አባትና ልጅ በብስክሌት ተሳፍረው የአትክልት ሥራ ፍለጋ ወደ ባለጠጎቹ ሰፈር በሚወጡበት ትዕይንት፣ በረጃጅም ግንቦችና በተዘጉ በሮች ፊት ሲቆሙ፣ ማጂዲ ለድህነቱ አድራሻ ሰጥቶታል። ፍጻሜውም ቢሆን ጣፋጭ ነው ለማለት ያስቸግራል። አሊ ለሦስተኛ የወጣ የሚሸለመውን ጫማ ለእኅቱ ለማግኘት ይሮጣል፤ ሳያስበው አንደኛ ይወጣል፤ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። የድል ትዕይንት በሽንፈት ዕንባ ሲያልቅ፣ «ጎበዝ ከሆንህ ትወጣለህ» የሚለው የተለመደ ስብከት ባዶነቱ ይገለጣል። አባትየው ጫማ ገዝቶ እየመጣ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ ልጆቹ ገና አያውቁም።

የመሸሸግ ዕዳ

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱም በልጅነት ክልል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ፈረንሳዊቷ አኒ ኤርኖ «ኀፍረት» በተባለው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው አጭር መጽሐፍ ይህን ታሳያለች። ወላጆቿ በኖርማንዲ ውስጥ በምትገኝ ኢቭቶ በምትባል ትንሽ ከተማ የቡናና የሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። እርሷ የምትማረው በግል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነበር። በ1952 በአሥራ አንድ ዓመቷ በቤቷ የደረሰ አንድ ጠብ ዓለሟን ለሁለት ይከፍለዋል። አንድ ሌሊት ከትምህርት ቤት ጓደኞቿና ከአስተማሪዋ ጋር ከበዓል ስትመለስ፣ እናቷ በተጨማደደና በቆሸሸ የሌሊት ልብስ በሩን ከፍታ በብርሃኑ መካከል ትቆማለች። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ዝም ይላሉ። ልጅቱ ቤቷን በእነርሱ ዓይን ያየችው በዚያች ቅጽበት ነው።

ኤርኖ ለዚህ ትዕይንት ጌጥ አልጨመረችም፤ ቋንቋዋ እንደ መዝገብ ደረቅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በተማሩት ሰዎች ያማረ ቋንቋ የወላጆቿን ሕይወት ብትነግር፣ ዳግመኛ በዚያው የትምህርት ቤት ዓይን ማየት ይሆንባታል። ከዋንዳ፣ ከማዲና ከዛህራ ታሪክ ያልተማርነውን እዚህ እንማራለን። ልጅ ድህነቷን የምትሸሽግ ሲመስለን፣ በመጨረሻ የምትሸሽገው እናቷንና አባቷን ነው። ቀሚስ ይለወጣል፣ ጫማ ይገዛል፤ የእናት አነጋገርና የአባት እጅ ግን ሊለወጥ አይችልም። ልጅቱ «ወላጅ አምጪ» በተባለች ጊዜ ጎረቤት ወይም አክስት ይዛ ከመጣች ዕዳው መከፈል ጀምሯል ማለት ነው። ትምህርት ለልጅ ከሚሰጣት ይልቅ የሚነጥቃት እዚህ ላይ ይበልጣል።

ወደ መድረካችንና ወደ ክፍላችን

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን ይተርፋል? ስለ ድኻ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ መድረክ ከሚቀርቡ ድራማዎች ብዙዎቹ ከሦስት ጉድለቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንደኛው ተግሣጽ ነው፤ ልጅቱ ትዋሻለች፣ ውሸቷ ይጋለጣል፣ በመጨረሻ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባው ማን እንደሆነ ደራሲው አልጠየቀም። ሁለተኛው ታዳጊው ነው፤ አንድ ባለጠጋ ወይም አንዲት ደግ አስተማሪ በመጨረሻው ትዕይንት ሙሉ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጅቱ ትንበረከካለች፤ አዳራሹ ያለቅሳል። ይህ የኬልቪን መጋረጃ እንደገና መስፋት ነው። ሦስተኛው አንደኛ መውጣት ነው፤ ድኻዋ ልጅ ፈተናውን በልጣ ጠላቶቿን ታሳፍራለች። መካከለኛ ውጤት ያላት ድኻ ልጅ ግን በዚህ ድራማ ውስጥ ቦታ የላትም፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ የምትመለከተው እርሷ ሆና ሳለ።

ሦስቱም ጉድለቶች ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ፤ ዓይናቸውን በልጅቱ ላይ ብቻ ያሳርፋሉ። በመልካሞቹ ሥራዎች ግን ብርሃኑ የሚወድቀው በዙሪያዋ ባሉት ላይ ነው፤ በማዲ ዝምታ፣ በአስተማሪዋ ፈገግታ፣ በበሩ ፊት በቆሙት ሰዎች ላይ። አንድ ተውኔት ጸሐፊ ይህን ጉዳይ ሲያነሣ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ሸሸገች?» የሚለውን ሳይሆን «ከማን ሸሸገች? ስለ ምንስ ፈራችው?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ከተለወጠ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ትለወጣለች፤ ሴራውም ይለወጣል።

ጉዳዩ በመድረክ ብቻ አይወሰንም። የደንብ ልብስ የተፈለሰፈው የቀሚስን ልዩነት ለመሸፈን ነው ይባላል፤ ሸፍኗልም። ነገር ግን ጫማው ይናገራል፣ ቦርሳው ይናገራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምሳ ዕቃው ይናገራል። ክዳኑን በግማሽ ብቻ ከፍታ የምትበላ ልጅ ያላየ አስተማሪ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና የመማሪያ ቁሳቁስ ማደሉ፣ የምገባ ሥራውንም ማስፋፋቱ ከሆድና ከልብስ ጥያቄ ያለፈ ፍሬ ነገር ነበረው። ለሁሉም የተሰጠ ነገር የማንንም ገበና አያወጣም። ከአንድ ድስት ሁሉም የሚበላበት ትምህርት ቤት «የእኔ ምሳ ምንድን ነው?» የሚለውን ፍርሃት ከነሥሩ ያነሣዋል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን ልማድም መጥቀስ ግድ ነው። በባንዲራ ሰልፍ ላይ «የድኻ ልጆች» ተብለው ስማቸው እየተጠራ፣ በካሜራ ፊት ደብተርና እርሳስ እየተቀበሉ፣ ከለጋሹ ጋር ፎቶግራፍ እየተነሡ የሚመለሱ ልጆች አሉ። ደብተሩ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ የተጠራው ስም ግን ትምህርቱ እስኪያልቅ አብሮ ይኖራል። ያንኑ ደብተር አስተማሪው ትምህርት ካለቀ በኋላ በጸጥታ ቢሰጥ፣ ወይም ለክፍሉ በሙሉ ቢታደል የሚጎድል ነገር የለም፤ የሚጎድለው ለለጋሹ የሚደረገው ጭብጨባ ብቻ ነው። ለሕዝብ ሥራ የተሰለፈ ሰው በዚህ ሚዛን ላይ የትኛውን እንደሚመርጥ ሊያውቅ ይገባል።

በማጂዲ ፊልም ውስጥ አሊ ሦስት ጊዜ አርፍዶ በመጨረሻ አባቱን እንዲያመጣ ይታዘዛል። የሚያርፍድበትን ምክንያት አይናገርም። ከክፍሉ የሚያስተምረው መምህር ሲያልፍ ያየዋል፤ ጎበዝ ተማሪዬ ነው፣ ለእኔ ሲባል ይማርልኝ ብሎ ያስገባዋል። ለምን እንዳረፈደ ግን አይጠይቀውም። በፊልሙ ውስጥ ይህ ትዕይንት አጭር ነው፤ ብዙ ተመልካች አያስታውሰውም። አንድ አስተማሪ የልጁን ምስጢር ሳያውቅ፣ ማወቅም ሳይፈልግ፣ ልጁ ከነምስጢሩ ወደ ክፍል እንዲገባ አደረገ። የልጆችን ገበና የሚሸፍን ትምህርት ቤት ይህን ይመስላል፤ በሩ የሚከፈተው ልጁ ሁሉን ከተናዘዘ በኋላ አይደለም።